ከወላጆች ውጭ የሚጠራ ሰው

ይህ ለአዲስ ተመዳቢ ዲፕሎማቶችና ለቤተሰቦቻቸው በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ጥቂት ቦታ ብቻ አስተካክዬ እንዳለ አቅርቤዋለሁ።

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ ባልደረቦቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

በቅድሚያ ለተመደባችሁ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ። ለዚህ የበቃችሁት ብዙ ዓመት ለፍታችሁ ነው። ከኋላ ረድፍ ልጅ ታቅፋችሁ የተቀመጣችሁ አላችሁ። እባካችሁ፣ ልጁ ቢያለቅስ ተነሥታችሁ እንዳትወጡ። ዛሬ የመጣሁት በተለይ ለእናንተ ነው። ለቅሶው አይረብሸኝም።

በአንድ ወረቀት ልጀምር።

በሦስተኛ ጸሐፊነት፣ ማለትም በጀማሪ ዲፕሎማትነት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመድቤ ስሄድ ልጃችን የአምስት ወር ልጅ ነበረች። በደረስን በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴና እኔ ይዘናት የሕፃናት ክሊኒክ ሄድን። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ቅጽ ሰጠችን። ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ አለርጂ። እየሞላሁ ወረድኩ። ከታች አንድ መስመር አለ። «በአስቸኳይ ጊዜ የሚጠራ ሰው፣ ከወላጆች ውጭ» ይላል።

እስክሪብቶዬ እዚያ ላይ ቆመ። ባለቤቴን አየሁት። እሱም አየኝ። በዚያ ከተማ ውስጥ በስም የምናውቃቸው የሥራ ባልደረቦቼን ብቻ ነው። እነሱንም ካወቅኳቸው አሥር ቀን አልሞላም። በእኩለ ሌሊት ደውዬ «እባክሽ ልጄን ያዢልኝ» የምላት አንዲት ሰው አልነበረችኝም። መስመሩን ባዶ ትቼ ቅጹን መለስኩ። ልጅቷ ባዶውን ቦታ በጣቷ ነካ አደረገችና ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ከተተችው።

ያቺን ባዶ መስመር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ለምን? ከመሄዳችን በፊት ሦስት ወር ሙሉ ተዘጋጅተን ነበር። አራት ገጽ ዝርዝር ነበረን። ዳይፐር ቆጥረናል፣ ጡጦ ቆጥረናል፣ የልብስ መጠን እስከ ሁለት ዓመት ድረስ አስበናል። ሰው ግን ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

ዛሬ አራት ነገር አነሳለሁ። ወረቀት፣ ጉዞ፣ ጤና፣ ሰው። ለአራቱም እኩል ጊዜ አልሰጥም። ጉዞውን ቶሎ አልፈዋለሁ። ምክንያቱም ጉዞ የፈለገውን ያህል ቢረዝም በአንድ ቀን ያልቃል።

እሺ፣ አንደኛ፤ ወረቀት።

እዚህ ያላችሁ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመውን የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት አንብባችኋል። ለፈተና አንብባችሁታል። አሁን ደግሞ እንደ እናትና እንደ አባት አንብቡት። ሌላ ሰነድ ነው የሚመስላችሁ።

አንቀጽ 10ን ክፈቱ። የሚሲዮን፣ ማለትም የኤምባሲ፣ አባል ቤተሰብ ሲደርስ፣ ለመጨረሻ ጊዜም ሲለቅ፣ የተቀባዩ አገር ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንዲያውቀው ይደረጋል ይላል። አንድ ሰው አዲስ የቤተሰብ አባል ሲሆንም እንዲሁ። ስለዚህ እዚያው ብትወልዱ፣ የልጁ መወለድ በኖት ቨርባል፣ ማለትም ኤምባሲው ለሚኒስቴሩ በሚጽፈው ይፋዊ ደብዳቤ፣ ይገለጻል። እናንተ አራስ ቤት ሆናችሁ ሌላ ሰው ነው የሚጽፈው። ማን እንደሚጽፈው አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንቀጽ 37ን ደግሞ እዩ። ከዲፕሎማቱ ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ የቤተሰብ አባላት፣ የተቀባዩ አገር ዜጋ እስካልሆኑ ድረስ፣ የዲፕሎማቱን መብትና ከለላ ይጋራሉ። ጡጦዋን ይዛ የምትተኛ ልጅ ያለመደፈር መብት አላት፤ ማንም ሊያስራት አይችልም! ደስ ይላል አይደል? ግን መታወቂያዋ እስኪወጣ ድረስ ይህ ሁሉ በተግባር እምብዛም አይጠቅማችሁም። የክሊኒኩ ሠራተኛ የሚጠይቃችሁ ካርድ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። እናንተ እንዳትደግሙት።

የልጃችንን የልደት ምስክር ወረቀት ዋናውን በጥንቃቄ አስቀመጥን። በጣም በጥንቃቄ። ከጋብቻ ምስክር ወረቀታችን ጋር በአንድ ፋይል አድርገን፣ ፋይሉን በላስቲክ ጠቅልለን፣ ከመጻሕፍት ጋር ካርቶን ውስጥ አስገባነው። ካርቶኑ በኮንቴይነር ሄደ። እኛ በአውሮፕላን ሄድን። የአገሩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ፕሮቶኮል ክፍል ለልጅቷ መታወቂያ ዋናውን ሲጠይቀን ዋናው ባሕር ላይ ነበር። ወደ ሁለት ወር ገደማ ጠበቅን። በዚያ ሁለት ወር የጤና መድኑ የልጅቷን ፋይል አልከፈተም። በታመመች ቁጥር ከኪሳችን ከፈልን። ገንዘቡን በኋላ አገኘነው። ጭንቀቱን ግን ማን ይመልሰዋል?

ስለዚህ ስሙኝ። ዋና ሰነድ ከእጅ ሻንጣችሁ አይወጣም። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የሕክምና ማስረጃ። ሻንጣ ይጠፋል፣ ኮንቴይነር ይዘገያል። ትከሻችሁ ላይ የተንጠለጠለ ቦርሳ ግን አብሯችሁ ይደርሳል።

ሰነዶቹን ማረጋገጡንም ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱት። ሁለቱም አገሮች የአፖስቲል ስምምነት፣ ማለትም የሰነድ ማረጋገጫን የሚያቃልለው ስምምነት፣ አባል ከሆኑና ስምምነቱ በመካከላቸው የሚሠራ ከሆነ አንድ ማኅተም ይበቃል። ይህም ስምምነት በ1961 በሄግ የተፈረመ ነው። ካልሆነ ሰነዱ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እየዞረ ይረጋገጣል፤ መጨረሻ ላይ የተቀባዩ አገር ኤምባሲ ያትምበታል። ይህ ሳምንታት ይፈጃል። ከሩቅ ሆኖ ማስጨረስ ደግሞ መከራ ነው።

ስለ ፎቶግራፍም ልንገራችሁ፤ ማንም አይነግራችሁምና። ልጁ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን የራሱ ፓስፖርትና የራሱ መታወቂያ ያስፈልገዋል። ፎቶው ላይ የሌላ ሰው እጅ እንዲታይ አይፈቀድም። ልጃችን ገና መቀመጥ አልቻለችም። ነጭ አንሶላ ወለሉ ላይ አነጠፍን፣ በጀርባዋ አስተኛናት፣ ባለቤቴ ወንበር ላይ ወጥቶ ከላይ ሆኖ አነሳት። እኔ ከካሜራው ጎን ቁልፍ አንኳኳለሁ፣ ወደ ላይ እንድታይ። 23 ጊዜ አንስተን አንዱ ተሳካ። ጠዋት፣ ከእንቅልፏ ነቅታ ከጠባች በኋላ፣ በመስኮት ብርሃን አንሷቸው። ማታ አትሞክሩት።

የጓዝ ነገር። አንቀጽ 36 ለራሳችሁና ለቤተሰባችሁ መገልገያ የምታስገቡትን ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ያደርጋል። ግን ቀጥሎ ያለውን ሐረግ ልብ በሉ። የማከማቻና የማጓጓዣ ክፍያን አይጨምርም። ኮንቴይነራችሁ ወረቀት ጎድሎት ወደብ ላይ ከተቀመጠ የማከማቻ ሒሳቡ ይቆጥራል። ስለዚህ አልጋው፣ ጋሪው፣ መታጠቢያው ሁሉ በኮንቴይነር እንዳይሄድ። ለመጀመሪያው ሁለትና ሦስት ወር የሚያስፈልገው በአየር ጭነት ወይም በሻንጣ ይሂድ። የቀረውን እዚያው ግዙ፣ ወይም ምደባውን ከሚጨርስ ቤተሰብ ውሰዱ።

አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። «እዚያ ብወልድ ልጄ የዚያን አገር ዜግነት ያገኛል?» ይሉኛል። በአፈሩ ለተወለደ ሁሉ ዜግነት በሚሰጡ አገሮች እንኳ ለዲፕሎማት ልጅ ልዩ ሕግ ሊኖር ይችላል። ከ1961ዱ የቪየና ስምምነት ጋር የወጣ አማራጭ ፕሮቶኮል፣ ማለትም አገሮች ፈልገው የሚቀበሉት ተጨማሪ ስምምነት፣ አለ። የሚሲዮን አባላትና አብረዋቸው የሚኖሩ ቤተሰቦቻቸው በተቀባዩ አገር ሕግ አስገዳጅነት ብቻ ዜግነት አያገኙም ይላል። በወሬ አትመሩ። የአገሩን ሕግ ጠይቁ፣ የራሳችሁንም አገር ሕግ ጠይቁ።

ወረቀት ይብቃን። ሁለተኛ፤ ጉዞ።

ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ በአብዛኛው ጭናችሁ ላይ ነው የሚጓዘው። አውሮፕላኑ ውስጥ ግድግዳው ላይ የሚሰቀል የሕፃን አልጋ አለ። ቁጥሩ ውስን ነው፣ የክብደት ገደቡም እንደ አየር መንገዱ ይለያያል። ትኬቱ ሲቆረጥ ጠይቁ። በራፍ ላይ ደርሶ መጠየቅ ዋጋ የለውም። አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ጡት ወይም ጡጦ ስጡ። መዋጥ ጆሮን ይከፍታል። ልጁ ተኝቶ ከሆነ ግን እኔ አልቀሰቅሰውም፤ ይህ የኔ አስተያየት ነው።

ከዚያ ስትወርዱ ምን ይሆናል? አምባሻና አበባ ጠብቃችሁ ይሆናል፤ የሚጠብቃችሁ ግን መኪና ነው። ሾፌሩ ጥሩ ሰው ነው፣ ሻንጣ ያነሳላችኋል። የሕፃን መቀመጫ ግን መኪናው ውስጥ የለም። እኛ የገጠመን ይህ ነው። ሌሊት ነው፣ ዝናብ ነው፣ አውራ ጎዳና ነው። ልጄን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ አርባ ደቂቃ ተጓዝኩ። ዛሬ ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል። በግጭት ጊዜ የሰው ክንድ ሕፃን ይዞ ማስቀረት አይችልም። አይችልም። ከመነሳታችሁ በፊት ለሚሲዮኑ ጻፉ፤ መቀመጫ እንዲዘጋጅ በግልጽ ጠይቁ። የራሳችሁን ከወሰዳችሁም የዚያን አገር ደረጃ ማሟላቱን አጣሩ። በብዙ አገሮች የሚሠራው አር 129 የተባለው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ለምሳሌ ልጅ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ እንዲቀመጥ ያዛል። ከለላ አለኝ ብላችሁ ይህን እንዳትዘሉት። አንቀጽ 41 የአገሩን ሕግ ማክበር ግዴታችን ነው ይላል። ሕጉ ባይኖርስ? ልጁ የናንተ ነው።

ሦስተኛ፤ ጤና። እዚህ ትንሽ ልቆይ።

የመጀመሪያዋን ሌሊት አስታውሳለሁ። ጊዜያዊ አፓርታማ ውስጥ ነን። ሻንጣዎቹ እንደተዘጉ ኮሪደር ላይ ተደርድረዋል። ልጅቷ በሌሊት ስምንት ሰዓት ዓይኗን አፍጥጣ ትጫወታለች። ለእሷ ቀን ነው። ጡጦ ላዘጋጅ ብዬ ማምከኛውን ሰካሁት። ስጦታ የመጣልን ማሽን ነበር። ጠቅ አለ፣ ሰማያዊ ብልጭታ አሳየ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። መብራቱም ጠፋ። ማሽኑ ለ110 ቮልት የተሠራ ነው። ግድግዳው 220 ነው። ሶኬቱን የሚያስማማ መሰኪያ ገዝተን ነበር። መሰኪያ ቅርጹን ያስማማል እንጂ ቮልቱን አይቀይርም።

በስልክ መብራት ድስት ፈልገን ውሃ አፈላን። ደግነቱ ምድጃው የጋዝ ነበር። ጡጦዎቹን ውሃው ውስጥ አስጥመን 10 ደቂቃ ቀቀልናቸው። ባለቤቴ ልጅቷን ይዞ ጨለማው ውስጥ ይዘምራል። እኔ የአረፋውን ድምፅ እየሰማሁ ቆሜያለሁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ለካ ድስት ይበቃል።

የዱቄት ወተት የምትሰጡ፣ ይህን በደንብ ስሙኝ። ከአገር አገር የወተቱ ስም ብቻ ሳይሆን ማንኪያውም ይለያያል። በአንዱ ቆርቆሮ አንድ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። በሌላው አንድ ማንኪያ ለ60 ሚሊ ሊትር ነው። የለመዳችሁትን ቁጥር ይዛችሁ በአዲሱ ቆርቆሮ ብትበጠብጡ ወተቱ ወይ እጥፍ ይወፍራል ወይ በግማሽ ይቀጥናል። ሁለቱም ሕፃንን ይጎዳል። በማታውቁት ቋንቋ የተጻፈ ቢሆን እንኳ ቁጥሩን አንብቡ፣ ካላወቃችሁ ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ውሃ እንዲበጠበጥ ይመክራል። ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ ነው። ከዚያ ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ትሰጣላችሁ።

ልጁ የሚተኛበትንም አስቡ። ጊዜያዊ ቤት ብዙ ጊዜ የሕፃን አልጋ የለውም። ከደከማችሁ ደግሞ ትልቁ አልጋ ላይ ትራስ ደርድራችሁ ማስተኛት ያምራችኋል። አታድርጉት። በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ፣ ለብቻው ግን በእናንተ ክፍል ውስጥ። ተጣጥፎ የሚያዝ አልጋ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። እኛ ያለ አንዳች ጥያቄ ይዘን የሄድነው ዕቃ እሱ ነው፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመንም እሱ ነው።

የሰዓት ልዩነቱ ያልፋል። ጠዋት ጠዋት ወደ ብርሃን አውጧቸው። ማታ መብራት አደብዝዙ፣ ድምፅ ቀንሱ። ለኛ ልጅ ስምንት ቀን ፈጀባት። ለኛ ደግሞ ከሷ በላይ።

ክትባት ሌላው ነገር ነው። የክትባት መርሐ ግብር ከአገር አገር ይለያያል። አንዱ አገር ሕፃን እንደተወለደ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ይሰጣል፣ ሌላው ጭራሽ አይሰጥም። የልጃችንን ክንድ ያየች አንዲት ወጣት ሐኪም ጠባሳውን ነክታ «ይህ ቁስል መቼ ወጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። ካርዳችን በራሳችን ቋንቋ ስለተጻፈ ማንበብ አልቻለችም። ቀኑም በቁጥር ብቻ ነው የተጻፈው። 5/3 ማርች 5 ነው ወይስ ሜይ 3? እሷ አንድ አነበበች፣ እኔ ሌላ። በዚህ ምክንያት አንድ ክትባት ሊደገምባት ነበር። ካርዱን ከመሄዳችሁ በፊት አስተርጉሙ። የክትባቱ ዓለም አቀፍ ስም ይጻፍ። ወሩ በቃል ይጻፍ።

ቢጫ ወባ ላለበት አካባቢ የተመደባችሁ አላችሁ? ክትባቱ በመደበኛነት የሚሰጠው ከ9 ወር ጀምሮ ነው። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። ስለዚህ የሦስትና የአራት ወር ልጅ ያላችሁ የመሄጃ ቀናችሁን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። አስፈላጊ ከሆነ አንዳችሁ ቅደሙ፣ ሌላችሁ ከልጁ ጋር ተከተሉ። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ለጉዞ ሲባል ከ6 ወር ጀምሮ ሊሰጥ ይችላል። ያኛው ግን ከመደበኛዎቹ ሁለት አይቆጠርም፤ ሁለቱ በጊዜያቸው ይሰጣሉ። አዲሱን ሐኪም ይህን አስታውሱት።

አሁን ስለ እናት። ስለ እናት ጤና ማን ያወራል? ሁሉም «ልጅቷ እንዴት ናት?» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከወለዱ እናቶች መካከል 13 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥማቸዋል፤ በአብዛኛው ድብርት ነው። ይህ በየአገሩ፣ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። በዚህ ላይ ከእናቷ፣ ከእህቷ፣ ከጓደኛዋ ለይታችሁ፣ ቋንቋ በማታውቅበት ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጧት።

እኔ ራሴ አልፌበታለሁ። ቀን መሥሪያ ቤት ሪፖርት እጽፋለሁ። በመሃል መዝገብ ቤቱን ከውስጥ ቆልፌ ወተት አልባለሁ፤ ሌላ ክፍል አልነበረም። ማታ ግብዣ ላይ ቆሜ ፈገግ እላለሁ። ቤት ስገባ ኮቴን ሳላወልቅ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ቆየሁ። ድካም ነው ብዬ ነበር። በመጨረሻ ባለቤቴ ነው እጄን ይዞ ሐኪም ዘንድ የወሰደኝ። ስሙኝ፣ እህቶቼ። ከወሊድ በኋላ ያለው ስሜት መዋዠቅ ሁለት ሳምንት ካለፈው ተናገሩ። ለባላችሁ ተናገሩ፣ ለሐኪም ተናገሩ። ሥራችንን እናጣለን ብላችሁ አትደብቁት። ወንድሞቼ፣ እናንተ ደግሞ ጠይቁ። አንዴ ጠይቃችሁ «ደህና ነኝ» ብትላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚሲዮን መሪ ሆናችሁ የምትሄዱ ክቡራን አምባሳደሮች አላችሁ። እናንተንም ልለምን። ሕፃን ይዞ የሚመጣ ባልደረባ ሲኖራችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የማታ ሥራ አትስጡት። ሥራው አይጠፋም። የምታጠባ ሴት ካለች አንዲት የሚቆለፍ ክፍል አዘጋጁላት። አንድ ወንበር፣ አንድ ሶኬት፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ። ይህ በጀት አያናጋም። ስትመጣም የሆነ ሰው ደውሎ «ዛሬ እንዴት አደራችሁ?» ይበላት።

አራተኛ፤ ሰው። ይኸው ደረስኩ።

በመጀመሪያ ስለ ትዳር ጓደኛ። ባለቤቴ መሐንዲስ ነው። ሥራውን ትቶ ነው የተከተለኝ። አንዳንድ አገሮች የዲፕሎማት ቤተሰብ እንዲሠራ የሚፈቅድ የሁለትዮሽ ስምምነት አላቸው፣ ሌሎች የላቸውም። ባለበትም ቦታ ፈቃዱ ጊዜ ይወስዳል፤ በሥራው ምክንያት ለሚነሳ የፍትሐ ብሔር ክስም ከለላው ላያገለግል ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት ሁለታችሁም ይህን እወቁት። እኛ አላወቅነውም። ስምምነት እንደሌለ የሰማነው እዚያ ከደረስን በኋላ ነው። ያን ማታ ባለቤቴ ዝም ብሎ ሳህን ሲያጥብ ትዝ ይለኛል። አንዱን ሳህን ሦስት ጊዜ አጠበው።

ግን ምን ሆነ? ቤት ዋለ። ልጅቷን በጋሪ ይዞ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ወደ አንድ መናፈሻ ይሄዳል። በተመሳሳይ ሰዓት፣ ተመሳሳይ አግዳሚ ወንበር። በሁለተኛው ሳምንት ሰዎች ራሳቸውን ነቅነቅ ማድረግ ጀመሩ። በሦስተኛው ሰላምታ። በሁለት ወሩ የአገሩን ቋንቋ ከኔ በላይ ይናገር ነበር። እኔ በአስተማሪ እማራለሁ፣ እሱ ከአያቶችና ከሞግዚቶች ይማራል። ሰው ማግኘት የፈለጋችሁ እንደሆነ አንድ ቦታ ምረጡና ተመላለሱበት። ሕፃን የያዘን ሰው ሰው ሁሉ ያናግረዋል። በዚህ ረገድ ልጃችሁ ከአምባሳደሩ በላይ በር ትከፍታለች።

እኔ ግን ቀን ቢሮ ነኝ፣ ያ ዕድል አልነበረኝም። የኔን ሰው ያገኘሁት ደረጃ ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ጉዳይ ሄዷል። አሳንሰሩ ተበላሽቷል። ልጅቷን በአንድ እጄ፣ ጋሪውን በሌላው ይዤ አራተኛ ፎቅ ልወጣ ነው። ልጅቷ ጥርስ እያወጣች ነበርና ታለቅሳለች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጋሪው ከእጄ አመለጠና እየተንኳኳ ወረደ። እኔም እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ማልቀስ ጀመርኩ። ሁለታችን እናለቅሳለን።

አንድ በር ተከፈተ። አንዲት አሮጊት ናቸው። እጃቸው ላይ እስከ ክንዳቸው የሳሙና አረፋ አለ። አዩን። እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ አበሱና ሳይጠይቁ ልጄን ተቀበሉኝ። በሆዷ ክንዳቸው ላይ አጋደሟት፤ ጭንቅላቷ ክርናቸው ላይ፣ እግሯ በእጃቸው ግራና ቀኝ ተንጠልጥሏል። ወዲያና ወዲህ ወዘወዟት። ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። አንድም የጋራ ቃል የለንም። እሳቸው በራቸው ላይ ያለውን ቁጥር በጣታቸው አሳዩኝ። ቀጥሎ ወደ ልጄ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ፣ ቀጥሎ እንደገና ወደ በሩ።

በማግስቱ አንኳኳሁ። አፍሬ ነበር፤ ሰው አስቸገርኩ ብዬ። ዛሬ የማፍረው በዚያ ማፈሬ ነው። እርዳታ መቀበል ያቃተን ብዙ ነን። እንግዳ ነን፣ አገር እንወክላለን፣ ሁልጊዜ ተስተካክለን መታየት አለብን ብለን እናስባለን። ልጅ ይዞ ግን ብቻውን የሚችል የለም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባል የለ? እኔ መጀመሪያ አልቀበል ያልኩት ያንን መድኃኒት ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጄ እዚያ ቤት ትውል ጀመር። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ እሑድ ከሰዓት። የመጀመሪያዋን ቃል የተናገረችው በሳቸው ቋንቋ ነው። «አያቴ» ማለት ነው።

ልጄ ዓመት ሲሞላት ለክትባት ወደዚያው ክሊኒክ ቀጠሮ ነበረን። መረጃ ለማደስ ያንኑ ቅጽ ላኩልን። ቀጠሮው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ማታ ቅጹን ይዤ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወረድኩ። የምለውን ዓረፍተ ነገር ከመዝገበ ቃላት ፈልጌ እጄ ላይ ጽፌዋለሁ። «ስምዎን እዚህ ልጽፍ ይፈቅዱልኛል?»

አነበብኩላቸው። ወረቀቱን ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና መስመሩን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱ። ስማቸውን ራሳቸው፣ በትልልቅ ፊደል፣ ቀስ ብለው ጻፉ። ስልክ ቁጥር ጻፉ። ከሥሩ ሁለተኛ ቁጥር ጨመሩ። ለምን ሁለት እንደሆነ አልገባኝም። ቀና ብለው አዩኝና በመስኮቱ ወደ ጨለማው ጠቆሙ፤ ቀጥለው አልጋቸው አጠገብ ወዳለው ስልክ። ሁለተኛው የሌሊቱ ነበር።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁት፣ ልጆቹን አምጡልኝና ልሳማቸው።